ከታጅ ማሃል ሥር ያሉት የተቆለፉ ክፍሎች

ህንድ ውስጥ፣ አግራ ከተማ ላይ፣ ያሙና ወንዝ ዳር፣ ከታጅ ማሃል መድረክ ሥር የተቆለፉ ክፍሎች አሉ። ብዛታቸው 22 ነው ይባላል። ጎብኚ አይገባባቸውም። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ የገዢው ፓርቲ የቢጄፒ የአካባቢ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እነዚህ ክፍሎች እንዲከፈቱ ጠየቀ። የሂንዱ አማልክት ምስሎች ተደብቀውባቸው እንደሆነ ይታይልን ነው ያለው። ታጅ ማሃል መጀመሪያ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነበር ከሚለው ክርክር የመጣ ጥያቄ ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ነው። በር ተከፍቶ ቢታይ ምን ይጎዳል? ብዙ ህንዳውያንም እንዲህ ብለው ነበር።

የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ግን ተቆጡ። መጀመሪያ ሄደህ ተማር፤ ማስተርስህን ያዝ፤ በዚህ ርዕስ ምርምር እንዳትሠራ የከለከለህ ዩኒቨርሲቲ ካለ ያኔ ወደ እኛ ና አሉት። ነገ ደግሞ የዳኞች ቢሮ ይከፈትልን ልትሉ ነው ወይ ብለውም ጠየቁ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይግባኙን ሳይቀበለው ቀረ። ቅርሱን የሚጠብቀው የህንድ አርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት የክፍሎቹን የጥገና ፎቶዎች ለሕዝብ አሳየ። በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ልስኑ የረገፈ ግድግዳና ባዶ ወለል ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ለምን እንዳላለቀ ለመረዳት ግን ክርክሩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። ምክንያቱም በዚህ ክርክር ውስጥ አንዲት እውነት አለች። ውሸቱ ዕድሜ ያገኘው በእሷ ላይ ተንጠላጥሎ ነው።

አርጁማንድ ባኑ በጉም ትባል ነበር። ታሪክ የሚያውቃት ግን ሙምታዝ ማሃል በሚለው የማዕረግ ስሟ ነው። የሻህ ጃሃን ሚስት ናት፤ እሱም ህንድን ይገዛ የነበረው የሙስሊሙ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ነበር። ከባሏ አትለይም ነበር፤ ዘመቻ ሲወጣ እንኳ አብራው ትወጣለች። በሰኔ 1631 ቡርሃንፑር በምትባል የጦር ሰፈር ከተማ 14ኛ ልጇን ስትወልድ ምጥ ጸናባትና ሞተች። ገና 38 ዓመቷ ነበር።

ቡርሃንፑር ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ ሄዶ በደካን ምድር የጦር አዛዥ፣ በኋላም የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር ሙጋሎችን ሲዋጋ የኖረው በዚያው አካባቢ ነው። ሻህ ጃሃን ገና ልዑል ሳለ ዘምቶበታል። በኋላ በገዛ አባቱ ላይ ሲያምፅ ደግሞ እርዳታ ፍለጋ የሄደው ወደዚሁ ወደ ማሊክ አምባር ነው። የታጅን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህች ነገር ልቤን ትነካዋለች።

ወደ ሙምታዝ ልመለስ። አስከሬኗ መጀመሪያ ቡርሃንፑር ውስጥ አንድ የአትክልት ቦታ ተቀበረ። ከስድስት ወር በኋላ ተነሥቶ ወደ አግራ ተወሰደ። ታጅ ማሃል የምንለው የመቃብሯ ግንባታ በ1632 ተጀመረ።

ይህን የምናውቀው ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ ወሬ አይደለም። የሻህ ጃሃን ዜና መዋዕል ጸሐፊ አብዱል ሐሚድ ላሆሪ መሠረቱ ከተቆፈረበት ጀምሮ ጽፎታል። ወጪውንም መዝግቧል፤ 5 ሚሊዮን ሩፒ ይላል፤ በሌሎች መዛግብት ግን አጠቃላይ ወጪው ወደ 32 ሚሊዮን ይጠጋል። በእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፒተር መንዲ በዚያ ጊዜ አግራ ነበር። ሥራው ሲጀመር በዓይኑ አይቶ በማስታወሻው ላይ አሰፈረው። የቁርአን ጥቅሶቹን የጻፈው ባለ እጅ አማናት ኻን ስሙንና ዓመቱን ግድግዳው ላይ ትቷል። ነጩ እብነ በረድ ከማክራና ተቆርጦ እንዲላክ የታዘዘባቸው የንጉሡ ደብዳቤዎችም አሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን ሌላ ወረቀት ነው። በ1652 ልዑል አውራንግዜብ የእናቱን መቃብር ሊጎበኝ ሄደ። ከዚያ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። ክረምት ሲገባ ጉልላቱ ያፈስሳል፣ ጥገና ያስፈልገዋል ይላል። ልጅ ለአባቱ ስለ ቤት ጣሪያ የሚጽፈው ዓይነት ደብዳቤ ነው። ታሪክ ሊያጣምም የተነሣ ሰው ስለ ጣሪያ ማፍሰስ አይጨነቅም።

አሁን ወደዚያች እውነት።

መሬቱ የሻህ ጃሃን አልነበረም። የአምበር ገዢ የነበረው የሂንዱው ራጅፑት (ራጅፑት የሰሜን ህንድ የጦር መኳንንት ወገን ነው) የራጃ ጃይ ሲንግ ነበር። ከቅድመ አያቱ ከራጃ ማን ሲንግ የወረሰው ነው። ቤትም ነበረበት። ይህን የሚነግረን የሂንዱ ጸሐፊ አይደለም፤ ራሱ ላሆሪ ነው። በንጉሡ ዜና መዋዕል ላይ በግልጽ ጽፎታል። ሻህ ጃሃን በምትኩ ለጃይ ሲንግ አራት ትልልቅ ቤቶች ሰጠው። የዚያ ልውውጥ የንጉሥ ትእዛዝ፣ እነሱ ፈርማን የሚሉት፣ በታኅሣሥ 1633 የተጻፈ ሲሆን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ በ2022 ከአምበር ቤት የወረደው የጃይፑር ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅና የገዢው ፓርቲ የፓርላማ አባል ዲያ ኩማሪ «መሬቱ የቤተሰባችን ነበር፤ ሰነድ አለን» ሲሉ ከእውነት አልራቁም። መሬቱ የእነሱ ነበር። ጃይ ሲንግ መሬቱን የሰጠው በደስታ ነው ወይስ ንጉሥ ጠይቆት እምቢ ማለት ስላልቻለ? ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ንጉሥ «ስጠኝ» ሲል መልሱ አንድ ነው፤ ይህን ለመረዳት ህንዳዊ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ሰነዱ የሚናገረው ስለ መሬትና ስለ ቤት ነው። ቤተ መቅደስ የሚል ቃል የለበትም።

ዝምድናቸውም መታወቅ አለበት። የሻህ ጃሃን እናት የማርዋር ራጅፑት ልዕልት ነበረች። የአባቱ እናት ደግሞ ከዚያው ከአምበር ቤት የወጣች ናት። የማን ሲንግ አክስት ማለት ነው። ከአራት አያቶቹ ሦስቱ ከራጅፑት ቤት የተወለዱ ናቸው። ዛሬ «ባዕድ ሙስሊም ንጉሥ የሂንዱን ንብረት ነጠቀ» ተብሎ የሚነገረው ታሪክ በዘመኑ ለነበሩት ሰዎች የአንድ ቤተ ዘመድ የመሬት ጉዳይ ነበር።

ቤተ መቅደሱ ታዲያ ከየት መጣ?

ከፑሩሾታም ናጌሽ ኦክ ነው። ኦክ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በ2007 አርፈዋል። በ1960ዎቹ ታጅ ማሃል መጀመሪያ የራጅፑት ቤተ መንግሥት ነበር ብለው ጻፉ። ቆየት ብለው ደግሞ ሐሳባቸውን ለወጡ። ቤተ መንግሥት ሳይሆን የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነበር አሉ። ስሙም «ቴጆ ማሃላያ» ነበር፤ ታጅ ማሃል የሚለው ከዚያ ተበላሽቶ የመጣ ነው አሉ። ልብ በሉ፣ በመካከሉ አዲስ ቁፋሮ አልተደረገም። አዲስ ብራናም አልተገኘም። የተለወጠው የኦክ ሐሳብ ብቻ ነው። እኚሁ ሰው የመካው ካዕባና የሮማው ቫቲካንም በመጀመሪያ የሂንዱ ነበሩ ብለው ጽፈዋል። በ2000 ጉዳያቸውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዘው ሄዱ። ዳኞቹ አላዩትም፤ መለሱት።

ኦክ ያቀረቧቸው ማስረጃዎች ግን ዛሬም በየዋትስአፕ ግሩፑ ይዞራሉ። ስለዚህ ንቆ ማለፍ አይበቃም።

የመጀመሪያው ስሙ ነው። «ማሃል» ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ መቃብር ማሃል ተብሎ አይጠራም ይላሉ። የቤተ መንግሥቱ ጽሑፎች ግን ቦታውን «ራውዛ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ መካነ መቃብር ማለት ነው። ታጅ ማሃል ሕዝብና መንገደኛ ያወጣው ስም ነው። ከንግሥቲቱ ማዕረግ ከሙምታዝ ማሃል አጥሮ የመጣ መሆኑን ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

ሁለተኛው ጌጡ ነው። ከጉልላቱ አናት ላይ የተገለበጠ የሎተስ አበባ አለ። ከላዩ የማሰሮ ቅርጽ ያለው ጫፍ አለ። እነዚህ የሂንዱ ምልክቶች ናቸው ይላሉ። እዚህ ላይ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ሎተሱም ማሰሮውም ከህንድ የቤተ መቅደስ ጥበብ የመጡ ናቸው። ግን ሙጋሎች ሲገነቡ እንዲህ ነው የሚገነቡት። የፋርስ አትክልት፣ የመካከለኛው እስያ ጉልላት፣ የህንድ ጠራቢ እጅ በአንድ ላይ። ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ከአባቶቻቸው የተማሩት ሎተስ ነበር። ሎተስ ጠረቡ። ይህ የተሰረቀ ቤተ መቅደስ ማስረጃ አይሆንም። ህንጻው የህንድ ልጅ መሆኑን ነው የሚመሰክረው።

ሦስተኛው የእንጨቱ ነው። በ1970ዎቹ ከወንዙ በኩል ካለ አንድ በር የተወሰደ ቁራጭ እንጨት በካርቦን ምርመራ ከሻህ ጃሃን በፊት የነበረ ዕድሜ አሳየ ይባላል። ይሁን እንበል። አንድ በር የአንድ ህንጻን ዕድሜ አይናገርም። ያረጀ እንጨት ተነቅሎ ሌላ ቤት ላይ ይገጠማል። በዚያ ላይ ምርመራው የሚያሳየው እንጨቱ ያደገበትን ጊዜ እንጂ በሩ የተሠራበትን ጊዜ አይደለም።

ክፍሎቹስ? ኦስትሪያዊቷ የታሪክ ምሁር ኤባ ኮክ ዓመታት ፈጅተው ታጅን ሲያጠኑ ገብተው አይተዋቸዋል። በወንዙ በኩል የተደረደሩ፣ ነፋስ የሚገባባቸው፣ ቀለም የተቀቡ የማረፊያ ክፍሎች ነበሩ። ንጉሡና ቤተሰቡ በጀልባ መጥተው እዚያ ያርፉ ነበር። የአግራን ሙቀት የቀመሰ ሰው ከወንዝ ነፋስ ፊት ለፊት ክፍል መሥራት ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም። በኋላ ተዘጉ። ዛሬ ሠራተኞች ለጥገና ይገቡባቸዋል።

የይገባኛል ጥያቄው ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ2005 አግራ ያለችበት ክልል፣ የኡታር ፕራዴሽ፣ የሱኒ ወቅፍ ቦርድ ታጅ ማሃልን በራሱ መዝገብ የወቅፍ ንብረት አድርጎ አስገባው። ወቅፍ ለአምላክ የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ንብረት ነው። የአርኪዮሎጂው መሥሪያ ቤት ተቃውሞ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ምዝገባውን አገደው። በ2018 ዳኞቹ ቦርዱን እስቲ ሻህ ጃሃን ፈርሞ የሰጣችሁን ወረቀት አምጡ አሉት። ወረቀት አልነበረም። ቦርዱ፣ ቦታው በልማድ ለጸሎት ስላገለገለ ወቅፍ ነው ወደሚል ክርክር ዞረ። በግቢው ውስጥ መስጊድ መኖሩ እውነት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ታጅ ለጎብኚ ይዘጋል፤ የአግራ ሙስሊሞች ይሰግዱበታል። መስጊድ መኖሩ ግን ግቢውን በሙሉ የቦርዱ አያደርገውም። እኔ እንደማየው ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሚዛን ነው ያያቸው። ወረቀታችሁ የት አለ ነው ያለው።

ወረቀት ከሌለ ታዲያ ክርክሩ ለምን አይሞትም? መልሱ ከአግራ ውጭ፣ አዮዲያ ላይ ነው።

አዮዲያ ላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የባብሪ መስጊድ የሚባል መስጊድ ነበር። ብዙ ሂንዱዎች ቦታው አምላካቸው ራማ የተወለደበት ነው ብለው ያምናሉ። በ1992 መጨረሻ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ በአንድ ቀን አፈረሰው። በየከተማው ግጭት ተነሣ። 2000 ገደማ ሰው ሞተ፤ የሚበዙት ሙስሊሞች ነበሩ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስጊዱን ማፍረስ ከባድ የሕግ ጥሰት ነው አለ። በዚያው ፍርድ ግን መሬቱን ለሂንዱዎች ሰጠ። በጥር 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በተገኙበት የራማ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ይማራል? ከበቂ በላይ ከገፋን፣ ከበቂ በላይ ከጠበቅን ይሳካል ብሎ ነው የሚያስበው።

ይህ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ነበር፤ አሁንም አለ። በ1991 የወጣ ነው። አዮዲያን ለብቻ ይተውና፣ ሌሎች የአምልኮ ቦታዎች ሁሉ ህንድ ነጻ በወጣችበት በነሐሴ 1947 በነበሩበት ሃይማኖት ይቀጥላሉ ይላል። ክፍተት ግን አለበት። በቅርስ ጥበቃ ሕግ ሥር ያሉ ጥንታዊ ሐውልቶችን አይመለከትም። ታጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅርስ ነው። ከዚያም ባሻገር የሥር ፍርድ ቤቶች «ሃይማኖቱን አንለውጥም፤ የቀድሞ መልኩን ብቻ እንመርምር» በሚል በር መርማሪ መላክ ጀመሩ። በኅዳር 2024 ሳምባል በተባለች ከተማ አንድ መስጊድ ሊመረመር ሲል ግጭት ተነሥቶ ቢያንስ አራት ሰው ሞተ። በታኅሣሥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምልኮ ቦታዎች ላይ አዲስ ክስ እንዳይመዘገብ አዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ለአንባቢ አልታመንም። ሙጋሎች ቤተ መቅደስ አፍርሰዋል። ቫራናሲ ላይ አውራንግዜብ በ1669 የቪሽዋናትን ቤተ መቅደስ አስፈርሷል። ጊያንቫፒ የሚባለው መስጊድ ከኋላው የድሮው ቤተ መቅደስ ግድግዳ እስከ ዛሬ ይታያል። ይህን የሚያጠራጥር የታሪክ ምሁር የለም። የሂንዱዎች ቁስል የፈጠራ ቁስል አይደለም። መስጊዱ ለእነማን ይሁን የሚለው የሕግና የአብሮ መኖር ጥያቄ ነው፤ የሆነው ግን ሆኗል። የታጅ ጉዳይ የሚያናድደኝም በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛውን ቁስል ከፈጠራው ጋር ቀላቅሎ ሁለቱንም ያረክሳል።

የመንግሥትን አቋም ስታዩ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በ2015 የአግራ ጠበቆች ታጅ ቤተ መቅደስ ነው ብለው ሲከሱ፣ የሂንዱ ብሔርተኛው የቢጄፒ መንግሥት የባህል ሚኒስትር ማሄሽ ሻርማ ለፓርላማ ቀርበው ማስረጃ የለም ብለዋል። በ2017 የአርኪዮሎጂው መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት መቃብር እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም ሲል መልስ ሰጠ። በዚያው ዓመት ግን የዚያው ፓርቲ የክልል ምክር ቤት አባል ሳንጊት ሶም ታጅ በህንድ ባህል ላይ ያረፈ እድፍ ነው አሉ። የኡታር ፕራዴሽ የቱሪዝም መጽሔት ታጅን ሳይጠቅስ ወጣ። ጩኸቱ ሲበዛ የክልሉ ዋና ሚኒስትር ዮጊ አዲትያናት መጥረጊያ ይዘው ታጅ አካባቢ ሲጠርጉ ታዩ። ማን እንዳሠራው ለውጥ የለውም፤ የተሠራው በህንድ ሠራተኞች ደምና ላብ ነው አሉ። በ2023 ደግሞ ስለ ሙጋል ቤተ መንግሥቶች የሚያስተምረው ምዕራፍ ከ12ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ በወረቀት እውነቱን ይጽፋል። ከመድረክ ላይ ሌላ ይነገራል። ተራው ሰው የሚሰማው ደግሞ የመድረኩን ነው። በነሐሴ 2024 ሁለት ወጣቶች በፕላስቲክ ጠርሙስ የጋንጌስ ውኃ ይዘው ገብተው ታጅ ውስጥ አፈሰሱ። ለሺቫ ነው አሉ። ታሰሩ። እነዚህ ልጆች ዜና መዋዕሉንም ፈርማኑንም አላነበቡም። ሲነገራቸው የኖሩትን አምነው ነው የመጡት።

ታጅ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ያስተናግዳል። የአግራ ሕዝብ እንጀራ ነው፤ አስጎብኚው፣ ባለ ሪክሾው፣ እብነ በረድ ላይ ባለ ቀለም ድንጋይ የሚከትተው ባለ እጅ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም። ሙምታዝ በትክክል መሃል ላይ ተኝታለች። ሻህ ጃሃን ልጁ አውራንግዜብ ሥልጣኑን ነጥቆ ካሰረው በኋላ በ1666 ሞተ፤ ከጎኗ ተቀበረ። በዚያ ሁሉ ልክ በጠበቀ ህንጻ ውስጥ ከመስመር የወጣው የእሱ መቃብር ብቻ ነው። ለእሱ የታሰበ ቦታ አልነበረም። ታች ያሉት እውነተኞቹ መቃብሮች ለሕዝብ የሚከፈቱት በዓመት ሦስት ቀን፣ የሻህ ጃሃን የሙት ዓመት ሲታሰብ ነው። በ2024 አንድ የሂንዱ ድርጅት ያ መታሰቢያ ይከልከል ብሎ አግራ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ያሙና በዚህ መሃል እየሞተ ነው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብክለቱ ተቆጥቶ ወይ ዝጉት፣ ወይ አፍርሱት፣ ወይ አድሱት እስከማለት ደርሷል። እብነ በረዱ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ሠራተኞች በጭቃ እየለቀለቁ ያጥቡታል። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። ከቆሸሸው ውኃ የሚፈለፈሉ ትንኞች የሚጥሉት ኩስ ነው። ሁሉም ሰው ይከፈቱልን የሚላቸው ክፍሎች ከዚያ ግድግዳ ሥር ናቸው። ሠራተኞቹ ግድግዳውን በውኃ ያጥባሉ። ሙቀቱ ሲመለስ ትንኙም ይመለሳል።